የፈረስ ገበያው ሠዓሊ ሮዛ ቦነር

እ.ኤ.አ. በ1857 ሜይ 12 ቀን የፓሪስ ከተማ የፖሊስ ጠቅላይ ጽሕፈት ቤት ለአንዲት ሠዓሊ አንድ የፈቃድ ወረቀት ሰጠ። በወረቀቱ መሠረት ሠዓሊቱ ለጤንነቷ ሲባል የወንድ ልብስ ለብሳ በአደባባይ እንድትመላለስ ለስድስት ወር ተፈቅዶላታል፤ ዳሩ ግን በዚያው ልብስ ወደ ቴአትር፣ ወደ ዳንስ አዳራሽና ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ስፍራ እንዳትገባ ተከልክላለች። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ፈቃዱን ማሳደስ ግዴታዋ ነበር። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በእጅ የተጻፈ ሳይሆን አስቀድሞ በማተሚያ የተዘጋጀ፣ ባዶ ቦታዎቹ ብቻ በብዕር የሚሞሉ ቅጽ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። አንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ የሚያሳትመው ጉዳዩ ከአንድ ሰው በላይ ሲሆን ነውና።

ፈቃዱን የተቀበለችው ሮዛ ቦነር በዚያን ጊዜ የ35 ዓመት ሴት ስትሆን፣ ስሟ ከፈረንሳይ አልፎ በእንግሊዝ አገር የታወቀ፣ ከመንግሥት የወርቅ ሜዳይ የተሸለመች፣ አንድ ሥዕሏ ብቻ 40,000 ፍራንክ ያወጣላት ሠዓሊ ነበረች። ሕጉ ግን በዝና የሚታለፍ አልነበረም። በ1800 ኖቬምበር 7 ቀን የወጣው ይህ ደንብ፣ እንደ ወንድ ለመልበስ የምትሻ የፓሪስ ሴት ሁሉ የሐኪም ማስረጃ ይዛ በፖሊስ ጽሕፈት ቤት እንድትቀርብና ፈቃድ እንድትጠይቅ ያዝዛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሴት ሠዓሊ ሱሪ ለምን አስፈለጋት የሚለውን ለመረዳት ሕይወቷን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ሮዛ ቦነር በ1822 ማርች 16 ቀን በቦርዶ ከተማ ተወለደች። አባቷ ሬሞን ቦነር ሠዓሊና የሥዕል መምህር፣ እናቷ ሶፊ ማርኪ የፒያኖ አስተማሪ ነበሩ። ከአራቱ ልጆች የመጀመሪያዋ እርሷ ስትሆን፣ ተከታዮቿ ኦጉስት፣ ኢዚዶርና ዡልዬትም ሁሉም በየፊናቸው የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያዎች ሆነዋል። ሕፃኗ ከፊደል ይልቅ እርሳስና ወረቀት ስለምትወድ እናቷ ንባብ ያስተማረቻት በዘዴ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፊደል በዚያ ፊደል የሚጀምር አንድ እንስሳ እንድትሥል ታደርጋት ነበር። የእንስሳት ሠዓሊነቷ ከዚህ መጀመሩን የሕይወቷን ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይናገራሉ።

ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ከተዛወረ በኋላ አባትዮው የሳን ሲሞን ተከታዮች ከሚባሉት ማኅበርተኞች ጋር ተቀላቀለ። ይህ ማኅበር ለመሐንዲሶች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1825 የሞተው ሳን ሲሞን የወደፊቱ ዓለም በጦረኞችና በመሳፍንት ሳይሆን በሳይንቲስቶች፣ በመሐንዲሶችና በአምራቾች መመራት አለበት ብሎ ያስተማረ ሰው ነው። ካለፈ በኋላ ትምህርቱን የተከተሉት አብዛኞቹ ከታወቀው የፓሪስ ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። በተከታታይ ምሰሶዎች ላይ የሚያርፍን ድልድይ ያሰላ መሐንዲስ ሁሉ በሦስቱ ሞሜንቶች ቀመር የሚያውቀው ክላፔይሮን ለዚሁ ማኅበር ቅርብ ነበር፤ በ1837 ከፓሪስ እስከ ሳን ዠርማን የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ከሠሩትም አንዱ እርሱ ነው። የማኅበሩ መሪ አንፋንታን በ1833 ወደ ግብፅ ተሻግሮ የስዌዝን ቦይ የመቆፈር ሐሳብ አንሥቷል። ከእርሱ ወገን ከነበሩት ሁለቱ፣ ኮምብና ታሚዝዬ፣ ከግብፅ አልፈው በ1835 ወደ ኢትዮጵያ ገብተው አገሩን ከዞሩ በኋላ ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ይኸው ማኅበር ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። ትምህርቱን በልብስ ጭምር መግለጹ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅም ነገር ነው። አባሎቹ የሚለብሱት ሰደርያ ቁልፉ በጀርባ በኩል ስለ ሆነ ማንም ሰው ያለ ባልንጀራው ርዳታ ሊቆልፈው አይችልም፤ ሰው ለሰው የሚያስፈልግ መሆኑ በየማለዳው በጀርባ ላይ ይታወስ ዘንድ ማለት ነው። ልብስ ገላ መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብን ሥርዓት የሚናገር ምልክት መሆኑን ልጅቱ በአሥር ዓመቷ በአባቷ ጀርባ ላይ አይታለች።

ሆኖም በቃልና በኑሮ መካከል ያለውን ርቀትም ያየችው በዚያው ቤት ነው። በ1832 ሬሞን ቦነር በሜኒልሞንታን ኮረብታ ከወንድሞቹ ጋር በማኅበር ኑሮ ሲቀመጥ፣ አራቱን ልጆች የማሳደግ ሸክም በሶፊ ላይ ወደቀ። ቀን ፒያኖ ታስተምራለች፤ ሌሊት ትሰፋለች። በ1833 ሞተች፤ ቤተሰቡም የግል መቃብር የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው በድኾች የጋራ መቃብር ተቀበረች። ሮዛ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ስለ ሴቶች እኩልነት የሚሰብክ ሰው ሚስቱን በሥራ ብዛት ማጣቱ የሚያስገርም ቢመስልም፣ በታሪክ ብዙ ጊዜ የታየ ነገር ነው። ልጅቱ ከአባቷ ትምህርቱን፣ ከእናቷ ዕጣ ማስጠንቀቂያውን ወሰደች ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ እስከ ዕለተ ሞቷ አላገባችም።

ያለማግባቷ ነገር በስሜት ብቻ የሚተረጎም አይደለም። በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባችን ሴት በባሏ ሥልጣን ሥር ያደርጋታል። ያገባች ሴት በላቧ ያገኘችውን ደመወዝ እንደ ፈቃዷ የማዘዝ መብት ያገኘችው ሮዛ ከሞተች ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1907 በወጣ ሕግ ነው። እንግዲህ ሮዛ ቦነር አግብታ ቢሆን ኖሮ ሥዕሎቿ ያስገኙት ገንዘብ የባሏ እንጂ የእርሷ ባልሆነ ነበር።

አባቷ በመጀመሪያ ስፌት እንድትማር ሰጣት፤ አልሆነላትም። ትምህርት ቤት አስገባት፤ በረብሻዋ ተባረረች። በመጨረሻ ራሱ ሊያስተምራት ወሰነ። በ14 ዓመቷ ገደማ ወደ ሉቭር ሙዚየም እየተላከች የቀደምት ሊቃውንትን ሥዕል መገልበጥ ጀመረች። የመንግሥቱ ከፍተኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በር ለሴቶች የተዘጋ ነበር፤ የተከፈተው በ1897 ሲሆን፣ እርሷ ያን ጊዜ የ75 ዓመት አሮጊት ሆናለች። ጉዳቱ የዲፕሎማ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ትልቅ ሥዕል ማለት የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል ነው፤ ለዚህም የሰውን አካል ራቁቱን ከሆነ ሞዴል ፊት ቆሞ ማጥናት ግድ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለሴት እንደ ነውር ይቆጠራል። መሠረቱን እንዳይማር የተከለከለ ሰው በሕንፃው ሊወዳደር አይችልም።

ሮዛ ቦነር ከዚህ አጥር የወጣችው ሌላ በር ፈልጋ ነው። የእንስሳን አካል ማጥናትን የሚከለክል ደንብ አልነበረም። ስለዚህ በፓሪስ የሩል ቄራ እየተመላለሰች በደምና በአንጀት መካከል ቆማ አጥንት ከጅማት፣ ጅማት ከጡንቻ እንዴት እንደሚያያዝ በእርሳስ መዘገበች። በቤታቸውም እንስሳት ነበሩ። ቤተሰቡ በፎቅ ላይ በሚኖርበት ጊዜ አንዲት በግ በሰገነቱ ላይ ስለምትታሰር ወንድሟ ኢዚዶር በትከሻው ተሸክሞ በደረጃ እያወረደ ወደ ሣር ይወስዳት ነበር ይባላል። እንዲህ ያለው ጥናት በሥራዋ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የቦነር በሬ በሚጎትትበት ጊዜ ኃይሉ ከኋላ እግሩ ተነሥቶ በጀርባው አልፎ ወደ ቀንበሩ ሲደርስ ዓይን ይከተለዋል።

በ19 ዓመቷ፣ በ1841፣ በየጊዜው በሚደረገው የፓሪስ ታላቅ የሥዕል ኤግዚቢሽን፣ ማለት በሳሎን፣ ሁለት አነስተኛ ሥራዎች አቀረበች። በ1848 የወርቅ ሜዳይ አገኘች። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የሪፐብሊክ መንግሥት በ3,000 ፍራንክ አንድ ትልቅ የእርሻ ሥዕል አዘዘ። በ1849 የቀረበው «እርሻ በኒቬርኔ» በሁለት ጥማድ የተሰለፉ፣ እያንዳንዱ ጥማድ ስድስት የሆነ በሬዎች ጥቁሩን አፈር ሲገለብጡ ያሳያል። ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። በሬ ጠምዶ ማረስ ላልጠፋበት አገር ሰው ሥዕሉ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ገበሬዎቹ ትንሽ፣ በሬዎቹ ትልቅ ሆነው መሣላቸውም ከማን ወገን እንደቆመች ያመለክታል። በዚያው ዓመት አባቷ ሞተ፤ እርሱ ይመራው የነበረውን የልጃገረዶች ነጻ የሥዕል ትምህርት ቤትም ተረክባ እስከ 1860 መራችው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ስሟን የተከለው ሥራ ነው። በፓሪስ በሎፒታል ጎዳና፣ ከሳልፔትሪዬር ሆስፒታል አጠገብ፣ በዛፎች ጥላ ሥር የፈረስ ገበያ ይቆም ነበር። ገበያው የደላሎችና የሰይሶች ዓለም ነው፤ ፈረስ ይነሣል፣ ሰው ይጮኻል፣ አለንጋ ይጮኻል። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ የለበሰች ሴት በዚያ መካከል ቆማ ብትሥል አንድም ትረገጣለች፣ አንድም መሳለቂያ ትሆናለች። ሮዛ ቦነር ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ በወንድ ልብስ ወደዚያ ተመላለሰች፤ ሱሪና ሰፊ የሠራተኛ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጠጉሯን አሳጥራ፣ ከሰው መካከል ተቀላቅላ ነደፈች። በግንባታ መወጣጫ ላይ የወጣ ሰው የሥራ ልብስ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ልዩነቱ ለቱታ የፖሊስ ፈቃድ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

በ1853 በሳሎን የቀረበው «የፈረስ ገበያ» ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል፣ ወርዱ ከአምስት ሜትር በላይ ነው። ሴት ሠዓሊ የአበባና የሕፃናት ሥዕል በትንሽ ሸራ እንድትሥል በሚጠበቅበት ዘመን መጠኑ ራሱ ድፍረት ነበር። ፐርሽሮን የሚባሉት ግዙፍ የጭነት ፈረሶች በክብ እየዞሩ ያልፋሉ፤ ግማሾቹ በኋላ እግራቸው ቆመዋል፤ ነጮቹ መካከሉን ይዘው ብርሃኑን ይቀበላሉ። የሰልፉ አወራረድ በአቴና ፓርቴኖን ላይ ከተቀረጸው የፈረሰኞች ሰልፍ የተማረችው ነው። በግራ በኩል በርቀት የሳልፔትሪዬር ጉልላት ይታያል። ይህ ሆስፒታል የሴቶች ሆስፒታል ነበር፤ ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ፣ ሻርኮ በሚመራው ክፍል፣ ሂስቴሪያ አለባቸው የተባሉ ሴቶች በየሁኔታቸው ፎቶግራፍ እየተነሡ በአልበም የታተሙት በዚያ ነው። ሮዛ ጉልላቱን ስትሥል ይህ ገና አልመጣም፤ ነገር ግን የሴት አካል በሥዕልና በፎቶግራፍ እንዴት እንደታየ የሚያጠና ሰው በአንድ ጎዳና ላይ ሁለቱን ያገኛቸዋል፦ አጥሩ ውስጥ የሚታዩትን ሴቶችና ከአጥሩ ውጭ፣ እንዳትታወቅ ሆና፣ የምትመለከተዋን ሴት።

ሥዕሉን የትውልድ ከተማዋ ቦርዶ በ12,000 ፍራንክ እንድትገዛው ቀርቦላት ሳትገዛው ቀረች። በለንደን የሚኖረው ነጋዴ ኤርነስት ጋምባርት በ40,000 ፍራንክ ወሰደው። ጋምባርት ንግዱን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሸራውን በየከተማው እያዞረ በክፍያ አሳየ፤ ቶማስ ላንድሲር በብረት ላይ እንዲቀርጸውም አደረገ፤ የታተሙት ቅጂዎች በየሳሎኑ ግድግዳ ተሰቀሉ። ብዙ ሰው ዋናውን ሳያይ ሥዕሉን አወቀ። ለቀራጩ እንዲመች ተብሎ የተሠራው አነስተኛ ቅጂ በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ሲገኝ፣ ጋለሪው የሁለት ሠዓሊዎች ሥራ አድርጎ መዝግቦታል፤ አንደኛዋ ሮዛ ቦነር፣ ሁለተኛዋ ናታሊ ሚካስ ናት። ዋናው ሥዕል ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1887 ኮርኔልየስ ቫንደርቢልት በጨረታ ገዝቶ ለኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠው። እስከ ዛሬ እዚያ ነው።

ናታሊ ሚካስ ማን ነበረች? ሁለቱ የተዋወቁት በልጅነት ነው፤ የናታሊ ወላጆች የልጃቸውን መልክ እንዲሥል ሬሞን ቦነርን በጠየቁት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ናታሊ እስክትሞት ድረስ፣ ማለት ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ አልተለያዩም። ቤት የምታስተዳድር፣ የታመመ እንስሳ የምታክም፣ በሸራ ላይ ንድፍ የምታሸጋግር፣ ራሷም የምትሥል ሴት ነበረች። በ1859 ሮዛ በራሷ ገንዘብ ከፎንቴንብሎ ደን አጠገብ፣ በቶሜሪ፣ ቢ የተባለውን ግቢ ገዛች፤ በ1860 ከናታሊና ከናታሊ እናት ጋር ገቡበት። ሦስት ሴቶች፣ አንድ ሰፊ የሥዕል ክፍል፣ ፈረሶች፣ በጎች፣ አጋዘኖች፣ ኋላም አንበሶች።

መሐንዲስ አንባቢን ልዩ የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው። ናታሊ ሚካስ የባቡር ፍሬን ፈልስፋ ነበር። በዚያን ጊዜ ባቡር የሚቆመው በፉርጎዎቹ ላይ የተመደቡ ፍሬን ያዦች የነጂውን ፉጨት ሰምተው በየበኩላቸው የእጅ ፍሬን ሲያጠብቁ ነው። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ስለሚያጠብቅ ባቡሩ ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል፤ ፉርጎዎቹም እርስ በርሳቸው ይላተማሉ። ፈጣን ባቡርን በአጭር ርቀት ማቆም የዘመኑ ትልቅ የምሕንድስና ጥያቄ ነበር፤ በሚገባ የተፈታውም ዌስቲንግሃውስ በ1869 የአየር ፍሬኑን ካስመዘገበ በኋላ ነው። ናታሊ ለዚህ ጥያቄ የራሷን መልስ አዘጋጅታ፣ በቢ ግቢ ውስጥ አጭር ሐዲድ ተዘርግቶ ፍሬኑ ተሞከረ። የባቡር ኩባንያዎቹ ግን አልተቀበሉትም። ያልተቀበሉት በአሠራሩ ጉድለት ይሁን በፈልሳፊዋ ማንነት ዛሬ መፍረድ ያዳግታል፤ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች፣ ኩባንያ ያልደገፋት ሴት ንድፏን ይዛ ብትቀርብ ማን ወንበር ይስብላት እንደነበር ግን መገመት አይከብድም። የሮዛ ሥራ በአንድ ሸራና በአንድ ገዥ ይበቃው ነበር፤ ፍሬን ግን ሐዲድ፣ ፋብሪካና የኩባንያ ቦርድ ይፈልጋል። የሁለቱ ሴቶች ዕድል የተለያየው ምናልባት እዚህ ላይ ነው።

በጁን ወር 1865 ናፖሌዎን ሦስተኛ ወደ አልጄሪያ በሄዱበት ጊዜ እንደራሴ ሆነው አገሪቱን የሚያስተዳድሩት እቴጌ ኤውጄኒ ሳይጠበቁ ወደ ቢ መጥተው የሌዥዮን ዶኔርን ኒሻን በገዛ እጃቸው በሮዛ ደረት ላይ አደረጉላት። ይህንን ኒሻን በሥነ ጥበብ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በ1894 ደግሞ ወደ ኦፊሰር ማዕረግ ከፍ ተደረገች። ሠዓሊቱ በዚያ ዕለት የሥራ ልብሷን ጥላ ቀሚሷን ለመልበስ ትሯሯጥ እንደነበር ይተረካል፤ ፖሊስ በማይደርስበት በገዛ ግቢዋ ሱሪ፣ በእንግዳ ፊት ቀሚስ፣ ይህ የዘወትር ልማዷ ነበር።

በምስሎቿም ላይ ያው ነው። ኤዱዋር ዱቡፍ በ1857 ሲሥላት ቀሚስ አልብሶ ከአንድ ጠረጴዛ ጎን አቁሟት ነበር። ጠረጴዛው አሰልቺ ሆነባትና በፈቃዱ የራሷን ብሩሽ አንሥታ በቦታው የበሬ ራስ ሣለች፤ ዛሬ በቬርሳይ ያለው ሥዕል ክንዷን በበሬው አንገት ላይ አሳርፋ ያሳያታል። በሌላ ሰው እጅ የተሣለች ሴት የገዛ ሥዕሏን ስታርም መገኘቷ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነው።

የኋለኛው ዘመኗ የዝናና የመረሳት ድብልቅ ነው። እንግሊዞችና አሜሪካውያን ሥራዋን በውድ ዋጋ ይገዛሉ፤ የፓሪስ ሐያስያን ግን ዓይናቸውን ወደ ኢምፕረሽኒስቶች መልሰው ነበር። እርሷም ከ1855 በኋላ በሳሎን መቅረብ እጅግ ቀነሰች፤ ገዥ ስላላጣች ዳኛ አላስፈለጋትም። በ1889 የኤፍል ብረት ግንብ በቆመበት ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጊዜ ቡፋሎ ቢል የተባለው አሜሪካዊ ትርኢቱን ይዞ ፓሪስ ሲመጣ፣ ከሰፈሩ እየተመላለሰች ፈረሶቹንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ሣለች፤ እርሱንም በነጭ ፈረስ ላይ ሣለችው። በዚያው ዓመት ናታሊ ሚካስ ሞተች። ለወራት ብሩሽ ማንሣት አቃታት።

በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ አሜሪካዊ የፈረስ አርቢ ወደ ቢ ሲመጣ በአስተርጓሚነት የተከተለችው አና ክሉምፕኬ የተባለች ሠዓሊ ናት። አና በ1856 በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደች ስትሆን፣ ከቤተሰቧ የወጡት እኅቶች ሁሉ የሚደነቁ ናቸው፤ ዶሮቴያ በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ የሠራች የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ኦጉስታ ደግሞ የነርቭ ሐኪም ነበረች። አና በ1898 ተመልሳ የሮዛን መልክ ሣለች፤ በዚህም ሥዕል ሮዛ ሱሪ ሳይሆን ቀሚስ ለብሳ፣ የኦፊሰርነት ምልክቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ትታያለች። ሥዕሉ ሳያልቅ ሮዛ አብራት እንድትኖር ጠየቀቻት፤ አና እሺ አለች። በኑዛዜዋም ሀብቷን በሙሉ ለእርሷ አወረሰች። ሮዛ ቦነር በ1899 ሜይ 25 ቀን በቢ አረፈች። ዘመዶቿ ኑዛዜውን ቢቃወሙም አና ከክርክር ይልቅ ስምምነትን መርጣ፣ በ1900 በፓሪስ ከ2,000 የሚበልጡ ሥራዎች በጨረታ ተሸጠው ገንዘቡን ከቤተሰቡ ጋር ተካፈለች። በ1908 ደግሞ የሮዛን የሕይወት ታሪክ አሳተመች።

ከዚያ በኋላ ስሟ ለብዙ ዓመታት ከሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ጠፋ ማለት ይቻላል። እንደገና ያነሣችው ሊንዳ ኖክሊን የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ናት። ኖክሊን በ1971 ባሳተመችው ጽሑፍ ታላላቅ ሴት ሠዓሊዎች ለምን አልተገኙም የሚለውን ጥያቄ አንሥታ፣ ምክንያቱን በሴቶች ተፈጥሮ ሳይሆን በትምህርት ቤቶች፣ በሕግና በልማድ ውስጥ ፈለገች፤ ከዋና ምሳሌዎቿም አንዷ ሮዛ ቦነር ናት። ከዚህ ጽሑፍ ወዲህ በኤውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጾታንና የሚታይ ምስልን አጣምረው የሚያጠኑ ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደ ቢ ወረቀቶች ተመልሰዋል። በ1992 ጄምስ ሳዝሎው የተባሉ የታሪክ ምሁር በ«የፈረስ ገበያ» መካከል ጺም የሌለው፣ ቆብ ያደረገ፣ ከሁሉ ተለይቶ ወደ ተመልካቹ ፊቱን ያዞረ አንድ ፈረሰኛ መኖሩን አመልክተው፣ ይህ ሠዓሊቱ ራሷን ደብቃ ያስገባችበት ምስል ነው ብለው ተከራክረዋል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ሥራውን ስትሠራ እንዴት ለብሳ እንደነበር ማስረጃውን አምስት ሜትር በሚሆን ሸራ ላይ ትታ፣ ማንም ሳይነቃባት አርባ ሺሕ ፍራንክ ሸጠችው ማለት ነው።

ክርክሩ ይቀጥላል። ሮዛ በሕይወት ሳለች ሱሪው የሥራ ልብስ ብቻ እንደ ሆነ ለጠየቋት ሁሉ ታስረዳ ነበር። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህንን እንደ ቃሏ ይቀበላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከናታሊና ከአና ጋር የኖረችውን ኑሮ፣ ኑዛዜዋንና መቃብሯን ጠቅሰው የሴት ለሴት ፍቅር ሕይወት ነበር ይላሉ። የፖሊሱ ቅጽ ለዚህ አይረዳም፤ በቅጹ ላይ የተጻፈው ምክንያት ሥራም ፍቅርም ሳይሆን ጤንነት ነውና፤ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ የሚቀበለው ምክንያት ነው። በግቢዋ ውስጥ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ሥራ በሌለበት ሰዓትም ሱሪ መልበሷ ግን ነገሩ ከቄራውና ከገበያው ጭቃ የሰፋ መሆኑን ያሳያል። በዘመኗ ያልነበረን ስያሜ በእርሷ ላይ መለጠፍ ጥንቃቄ የጎደለው ነው፤ ሃምሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሁለት ሰዎችን ደግሞ የቤት ጓደኞች ብቻ ብሎ ማለፍ እንዲሁ።

ሱሪን የሚከለክለው የ1800 ደንብ በ1892 እና በ1909 ተሻሽሎ ብስክሌት ለምትነዳና ፈረስ ለምትጋልብ ሴት ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ማንም አላስታወሰውም፤ ማንም አልሰረዘውምም። የፈረንሳይ መንግሥት ደንቡ ዋጋ እንደሌለው በይፋ ያስታወቀው በ2013 ጃንዋሪ 31 ቀን ነው። በ2022 የተወለደችበት 200ኛ ዓመት ሲታሰብ ሥራዎቿ በቦርዶና በኦርሴ ሙዚየም ለሕዝብ ቀረቡ፤ የቢ ግቢም ሙዚየም ሆኗል።

መቃብሯ በፓሪስ ፔር ላሼዝ በሚካስ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ ከናታሊ ጎን ነው። አና ክሉምፕኬ በ1942 በሳን ፍራንሲስኮ ከሞተች በኋላ፣ ጦርነቱ አብቅቶ መንገድ ሲከፈት፣ አመዷ በ1948 ወደ ፓሪስ ተወስዶ በዚያው መቃብር ተቀመጠ።